«አውቶማቲክ በቀል» ወይስ «አይቀሬ አጸፋ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ስለ ኑክሌር መሣሪያ በሚተረጎሙ ዜናዎች «አውቶማቲክ በቀል» ሲባል እሰማለሁ፤ ጠላትን ለማስፈራራት ነው ይላሉ። አማርኛው ልክ ነው?

መልስ፦ እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ «በቀል» ነው። በቀልን ቂም ይቀድመዋል፤ ቂም ደግሞ ሆድ ውስጥ ይከርማል። ቂመኛ ቀኑን አይናገርም፤ እንዲያውም ስቆ ሰላም ይልዎታል። የኑክሌሩ ስልት ግን ጠላት አስቀድሞ ካላወቀው አይሠራም፤ «ብመታው ይመታኛል» ብሎ እጁን መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ «አጸፋ» ይሻላል። በግእዝ «ዐጸፈ» አጠፈ፣ ደረበ ማለት ነው፤ እኔ የሚታየኝ የተላከው ታጥፎ ለላኪው ሲመለስ ነው።

«አውቶማቲክ» ሲባል በከተማችን አንዱ መኪና፣ ሌላው ጠመንጃ ይታየዋል። ነገሩም ቢሆን ያን ያህል አውቶማቲክ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የሶቪየቶች የኑክሌር አጸፋ ሥርዓት «ፔሪሜትር»፣ በቅጽል ስሙ «የሙት እጅ»፣ የምድር ንዝረትን፣ ብርሃንንና ጨረርን ይለካል፤ ከበላይ አዛዦች ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጡንም ያያል። ያኔም ግን ባለሙያዎቹ እንደተናገሩት የመጨረሻው ውሳኔ ምሽግ ውስጥ ያሉ ተረኛ መኮንኖች ነው። እነሱ ሲያዙ የሚተኮሱት ሮኬቶች እየበረሩ ለቀሩት ሚሳይሎች የተኩስ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። እንግዲህ የ«አውቶማቲክ» አማርኛ የሆነው «ራስ ሰር» ለመለኪያዎቹ ብቻ ይሁን። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ ያራመደው ሐሳብም «የተረጋገጠ ጥፋት» ነበር የሚባለው፤ ክብደቱ «የተረጋገጠ» ላይ ነው። ለዚህ አማርኛ «አይቀሬ» አለው፦ አይቀሬ አጸፋ።

«ማስፈራራት» ባዶ ፉከራም ሊሆን ይችላል። «መግታት» ይበሉ፤ ፈረስ በልጓም እንደሚገታ። የመግቻ ስልት።

አንድ ነገር ግን ለ«በቀል» ልመስክርለት። አባቱ ከተገደለ በኋላ የተወለደ ልጅ «ደመላሽ» ሲባል፣ ስሙ የሚጠራው ገዳይም እንዲሰማው ነው፤ ሟች ከሞተም በኋላ እጁ አልታጠፈም ለማለት። «የሙት እጅ»ን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝም እሱ ነው። ይሁንና በደመላሽና በገዳይ መሃል ሽማግሌ ይገባል፣ ደም ይደርቃል። ቃሉን ለሚሳይል የነፈግኩት ለዚህ ነው።