ባዶዎቹ ቤቶች ምን ይነግሩናል? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ትንሽ ከተማ የቤት ኪራይ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ከተከራይ፣ ከአከራይ፣ ከቤተሰብ ኃላፊና ከከተማ ምክር ቤት አባል ነው። ሁሉም የሚኖሩት በትንንሽ ከተሞች በመሆኑ መልሶቹንም በዚያው ልክ አዘጋጅተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው የሕዝቡ ብዛት 40,000 ገደማ በሆነ ከተማ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ስኖር ኪራዬን አንድም ቀን አዘግይቼ አላውቅም። አከራዬ ሰሞኑን የከተማው አማካይ ኪራይ በ20 በመቶ ማደጉን ነግረውኝ እኔም በዚያው ልክ እንድጨምር ጠየቁኝ። ማስታወቂያዎቹን ስመለከት ያሉት እውነት ይመስላል፤ ጎረቤቶቼ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልደረሰባቸውም። ትክክለኛውን ኪራይ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በማስታወቂያ የሚጠራው ኪራይና ቀድሞ የገባ ተከራይ በየወሩ የሚከፍለው ኪራይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያ የሚወጣላቸው ዛሬ ክፍት የሆኑት ቤቶች ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚህም ከከተማው የኪራይ ቤቶች እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። በዚያ ላይ ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከራይቶ ከማስታወቂያው ሲወጣ፣ ዋጋው የተሰቀለበት ቤት ለሳምንታት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ቀን የወጡትን ማስታወቂያዎች የሚቆጥር ሰው በብዛት የሚያገኘው ተከራይ እምቢ ያላቸውን ዋጋዎች ነው።

የ«አማካይ» ነገር ደግሞ በትንሽ ከተማ ይበልጥ ያሳስታል። ባለፈው ወር 20 ቤቶች ለኪራይ ቀርበው እያንዳንዱ 100 ይጠየቅበት ነበር እንበል። በዚህ ወር ተመሳሳይ 20 ቤቶች በዚያው ዋጋ ቀርበው ሳለ፣ አንድ አዲስ ሕንፃ ተጠናቆ እያንዳንዳቸው 160 የሚጠየቅባቸው 10 ክፍሎች ቢጨመሩ አማካዩ 120 ይሆናል። በወረቀት ላይ ኪራይ በ20 በመቶ አደገ፤ በተግባር ግን የአንድም ነባር ቤት ኪራይ አልተነካም። ዋጋዎቹን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድረው መሐል ላይ ያለውን ቢመለከቱ ግን አሁንም 100 ነው። በትልቅ ከተማ አንድ ሕንፃ የሺዎችን አማካይ አያናውጥም፤ በእናንተ ከተማ ግን ይችላል።

የጎረቤቶችዎ ኪራይ አለመጨመሩ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንዎትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮና የክሊቭላንድ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ በአዲስ ተከራዮች ኪራይ ላይ የሚታየው ለውጥ ወደ አጠቃላዩ የኪራይ መለኪያ የሚደርሰው አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። የነባር ተከራይ ኪራይ የሚቀየረው ውሉ ሲታደስ ነውና፣ አዲስ ገቢዎች ዛሬ የሚከፍሉት የነገውን ያመለክታል። በመሆኑም የሚጠይቁት ሰው ባለፉት ሦስትና አራት ወራት ውስጥ የእርስዎን ቤት ወደሚመስል ቤት የገባ ሰው ይሁን፤ የክፍሉ ብዛት፣ የቤቱ ዕድሜ፣ የውኃው ሁኔታና የመንገዱ ቅርበት ይመሳሰል። የተጠየቀውን ሳይሆን የተስማማበትን ዋጋ፣ ሲገባም የተደረገለት ቅናሽ ካለ ይጠይቁት። ደላላ ዘንድ የሚሄዱ ከሆነ፣ ክፍያው ከኪራዩ ጋር አብሮ የሚያድግ ሰው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለመናገር ብዙም ምክንያት እንደሌለው ያስታውሱ።

ከዚያ በኋላ አከራይዎን በሒሳብ ያነጋግሩ። አሁን የሚከፍሉት 100 ከሆነና እርስዎ ወጥተው አዲስ ተከራይ በ120 ለማግኘት ሁለት ወር ቢፈጅ፣ አከራይዎ በዓመቱ የሚሰበስቡት 10 ጊዜ 120፣ ማለትም 1,200 ነው። እርስዎ ያለ ምንም ጭማሪ ቢቆዩም የሚያገኙት ያንኑ 1,200 ነው። ቤቱ ባዶ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ከሆነ ግን አዲሱ ተከራይ 1,320 ያስገኛል፤ ይህም እርስዎ 10 በመቶ ቢጨምሩ ከሚከፍሉት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የክርክሩ ቁልፍ በከተማችሁ አንድ ቤት ባዶውን ስንት ሳምንት ይቆያል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ለአምስት ወይም ስድስት ሳምንታት ማስታወቂያዎቹን እየተከታተሉ የትኛው ቤት መቼ እንደወጣና መቼ እንደጠፋ በማስታወሻ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቤት አከራያለሁ። ቤቱ ባዶ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ዋጋውን ልቀንስ ወይስ ልታገሥ?

መልስ፦ እናታችን፣ የባዶ ቤት ኪሳራ በደረሰኝ ስለማይመጣ ብዙ አከራዮች አይቆጥሩትም። አንድ ባዶ ወር ከዓመቱ ገቢ 8.3 በመቶውን ይወስዳል። 110 ለማግኘት ሁለት ወር የሚጠብቅ አከራይና ወዲያውኑ በ100 ያከራየ አከራይ ገቢያቸው እኩል የሚሆነው ቤቱ ክፍት ከሆነበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር በ22ኛው ወር ነው፤ ተከራዩ ከዚያ በፊት ከወጣ የጠበቀው ከስሯል። የእርስዎ ሁለት ወር ግን አልፏልና ከእንግዲህ ውሳኔውን ሊወስን የሚገባው የሚቀጥለው ወር ነው። ቤቱን የሚያዩ ሰዎች እየመጡ ዋጋውን ሰምተው የሚመለሱ ከሆነ ይቀንሱ፤ ጭራሽ የሚመጣ ሰው ከሌለ ግን ማስታወቂያው ራሱ ለተከራይ አልደረሰ ይሆናል።

አንዳንዶች ዋጋውን ላለመንካት የመጀመሪያውን ወር በነፃ ይሰጣሉ። በ110 የአንድ ዓመት ውል ተፈራርሞ አንድ ወር በነፃ መስጠት በዓመት 1,210 ያስገኛል፤ በ100 ማከራየት 1,200 ነውና ልዩነቱ ጥቂት ነው። ላይ ላዩን ኪራይ ያልቀነሰ በሚመስልበት ጊዜ ገበያው ውስጥ ውስጡን የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀደም ሲል የጻፉልን ተከራይም ቅናሹን እንዲጠይቁ የመከርናቸው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በከተማችን ኪራይ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ይቆይና በድንገት ይዘላል። ለምን?

መልስ፦ ትንሽ ከተማ ትርፍ ቤት ስለሌላት ነው። ሰው ከቤት ቤት እንዲዘዋወርና ቤቱ እንዲታደስ ከኪራይ ቤቶች ጥቂቶቹ ሁልጊዜ ባዶ መሆን አለባቸው፤ በተለምዶ 5 በመቶ አካባቢ ባዶ ሲሆን ገበያው የተመጣጠነ ነው ይባላል። 4,000 የኪራይ ቤቶች ባሉባት ከተማ 2 በመቶው ብቻ ባዶ ነው ብንል 80 ቤት ማለት ነው። አንድ ፋብሪካ ወይም ኮሌጅ ተከፍቶ 200 ቤተሰብ ቢመጣ 80ውን ቤት 200 ሰው ይሻማበታል። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ 200 ቤተሰብ ማንም ሳያስተውለው ይገባል። አዲስ ቤት ደግሞ መሬቱ፣ ፈቃዱና ግንባታው ብዙ ጊዜ ዓመታትን ስለሚፈጅ ፍላጎቱን በዚያው ወር አይደርስበትም።

ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት የምትገኘው ዊሊስተን ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቆጠራ 14,716 ሰዎች ይኖሩባት ነበር። በባከን የነዳጅ መስክ ቁፋሮ ሲስፋፋ ሠራተኛው ጎረፈ፤ ብዙዎች በተሳቢ ቤቶችና በጊዜያዊ የሠራተኛ ካምፖች ኖሩ። በ2014 መጀመሪያ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ሳይቀር በልጦ ነበር። ይህን ያዩ ባለሀብቶች ብዙ ሕንፃዎችን ገነቡ። ይሁንና በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ድፍድፍ ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ፤ ሠራተኛው ሲሄድ ቤቶቹ ቀሩ፣ ኪራዩም ክፉኛ ወደቀ። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በፊት ለዓመታት በከተማዋ የኖሩት፣ ከነዳጁ ምንም ያላገኙት ጡረተኞችና አስተማሪዎች የዚያን ጊዜውን ኪራይ መክፈል ግድ የሆነባቸው መሆኑ ነው። ከተማዎ በአንድ ቀጣሪ ላይ የቆመች ከሆነች የኪራዩን አቅጣጫ ከቤት ማስታወቂያ ይልቅ ከዚያ ቀጣሪ የሥራ ቅጥር ቀድመው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ከገቢያችን ስንት እጁን ለኪራይ ብናውል ይበጃል?

መልስ፦ ብዙ የሚጠቀሰው 30 በመቶ ነው። መነሻውም የአሜሪካ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ሕግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከራዩን ድርሻ በ25 በመቶ ከወሰነ በኋላ በ1981 ወደ 30 ከፍ ተደርጓል። ለሁሉም እኩል አይሠራም። የበርሊኑ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኸርማን ሽቫበ በ1868 እንዳመለከተው፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለኪራይ የሚሄደው ድርሻ ይጨምራል፤ ለአነስተኛ ገቢ 30 በመቶም ከምግብ ላይ የሚቀነስ ሊሆን ይችላል። ከከተማ ወጣ ያለ ርካሽ ቤት የምታስቡ ከሆነ የትራንስፖርቱን ወጪ ከኪራዩ ጋር ደምሩት።

ጥያቄ፦ የከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። በኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ እንድናስቀምጥ ነዋሪዎች ይጠይቁናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ቤቱን በድንገት እንዲለቅ የሚገደድ ቤተሰብ የልጆቹን ትምህርት ቤትና ጎረቤቱን አብሮ ያጣል። በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ የኪራይ ቁጥጥሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ትንንሽ የኪራይ ሕንፃዎች ሲሰፋ የሆነውን የመረመረና በ2019 የታተመ ጥናት፣ በቁጥጥሩ የተጠቀሙት ተከራዮች በቤታቸው የመቆየት ዕድላቸው መጨመሩን አረጋግጧል። ይኸው ጥናት ግን ሕጉ የነካቸው አከራዮች ለኪራይ የሚያቀርቡትን ቤት በ15 በመቶ መቀነሳቸውንና የከተማው አጠቃላይ ኪራይ በ5.1 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። በሚኒሶታ የሚገኘው የሴንት ፖል ከተማ በ2021 በሕዝብ ድምፅ በዓመት 3 በመቶ ጣሪያ ሲያስቀምጥ አዲስ ሕንፃዎችንም አካቶ ነበር፤ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ በእጅጉ ስለቀነሰ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ አዳዲስ ግንባታዎችን ለ20 ዓመት ከጣሪያው ነፃ አደረገ።

ስለዚህ ጣሪያ የምታስቀምጡ ከሆነ በውል ዘመን መካከል የሚደረግን ጭማሪና ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ማስወጣትን የሚገድብ፣ ገና ያልተሠራውን ቤት ግን የማያስፈራ ይሁን። ከዚያም በፊት በዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ የኪራይ ቤቶችን አስቆጥሩ፣ በአዳዲስ ውሎች ላይ የሰፈረውንም ኪራይ መዝግቡ፤ በአንድ ትንሽ ከተማ ይህ ለጥቂት ሠራተኞች የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው። ከ100 ቤቶች ባዶ የተገኙት 2 ብቻ ከሆኑ በመጀመሪያው ስብሰባ የምትወያዩበት በግንባታ ፈቃድና በመሬት ዝግጅት ላይ ያለው መዘግየት ይሁን።