አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ለሶላር ጀርባ አይሆንም

ጥያቄ፦ ፒያሳ ሱቄ ጣሪያ ላይ ያለው ባለ 100 ዋት ሶላር ፓነል የጀርባ ሳጥኑ ተላቀቀና በመስታወት ሲሊኮን መልሼ ለጠፍኩት። ከክረምት ወዲህ ባትሪው አይሞላም። ቴስተር ግን 21 ቮልት ያሳያል። ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አይቻለሁ። ፓነሉ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ቮልቱ ወደ 11 ወርዶ ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ዳዮዶች (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ክፍሎች) አንዱ ሾርት ሆኗል እል ነበር። 21 ካሳየ ሴሎቹ ደህና ይመስላሉ። ቴስተር የሚስበው ጅረት ኢምንት ስለሆነ የተበላ ግንኙነትም ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ባትሪው መሳብ ሲጀምር ግን ኃይሉ እዚያው፣ ያዩት አረንጓዴ ዝገት ላይ ይቀራል።

ጥፋቱ የሲሊኮኑ ነው። የመስታወቱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ የሚለቀው ራሱ አሴቲክ አሲድ ነው። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መውጫ ስለሌለው መዳቡን ይበላል። መርካቶ ሲገዙ ቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚለውን፣ ይህን አሲድ የማይለቀውን ይፈልጉ፤ የአገልግሎት ጊዜውንም ይዩ። ያለፈበት ላይደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ወረቀት ላይ ጨምቀው ያሳድሩት፣ ጠዋት እንደ ጎማ ካልጠነከረ ይመልሱት።

ሥራው እንዲህ ነው። ፓነሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነው ገመዱን ከቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ይንቀሉ። አሮጌውን ሲሊኮን አንድም ሳይቀር በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ፤ ምላጭ የጀርባውን ነጭ ሽፋን ይቀዳል። በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ ቤንዚን ቅባት ስለሚተው አይንኩት። አረንጓዴውን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጽድተው ሪባኑን (ከሴሎቹ ወደ ሳጥኑ የሚመጣውን ጠፍጣፋ የብረት ጥብጣብ) እንደገና በሶልደር ይያዙት። ከዚያ ሲሊኮኑን በሳጥኑ ጠርዝ ዙሪያ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ሳይቋረጥ ያዙሩ። ሲለጥፉ ጨርሰው አይጫኑት፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተዉለት። ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚለጠጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያን ሳያገኝ ይላቀቃል።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ደግሞ ከዚያም ቀስ ብሎ። ስለዚህ ክዳኑን ሳይገጥሙ ጥላ ሥር ለ24 ሰዓት ጠፍጣፋ ቦታ ያስተኙት። ገመዱ ሳጥኑን እንዳይጎትት ለሳምንት ያህል ፍሬሙ ላይ አስረው ያቆዩት።

በመጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ብርድ ልብሱን አንስተው፣ ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር ቀይረው ከኮንትሮለሩ የተነቀለውን የፓነሉን ገመድ ብቻ ይለኩ፤ ባትሪው ላይ አይሞክሩት። ፓነሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው 6 አምፔር አካባቢ ነው፤ 5 ካገኙ ይስማሙ። በፊቱ በኩል ሪባኑን ተከትሎ ቡናማ መስመር ወይም አረፋ ካዩ ግን ውሃ ገብቷልና ለሲሊኮን ገንዘብ አያውጡ፤ ፓነሉን ይቀይሩ።