“ጉበት ነው” ተብዬ ነበር፤ ጡንቻ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሳት፣ ፀጉሬን ማበጠር ሳይቀር እያቃተኝ ነው። ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፤ አቅም ነው ያጣሁት። የጉበት ኢንዛይሞችሽ ጨምረዋል ተብዬ ስታከም ቆየሁ፤ ለውጥ ግን የለም። አሁን ሌላ ሐኪም የጡንቻ ብግነት ጠርጥረው ከጡንቻሽ ናሙና ይወሰድ አሉኝ። የግድ ነው? መድኃኒቱስ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል?

መልስ፦ የሐኪምዎ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የጉበት ኢንዛይሞች ቢባሉም በጡንቻ ውስጥም ስላሉ፣ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ ይጨምራሉ። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ያለ ጥፋቱ ጉበቱን ሲታከም ይከርማል! ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ካልተለካልዎት ዛሬውኑ ይጠይቁ። እሱ በብዙ እጥፍ ጨምሮ፣ ጂጂቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ደህና ከሆነ ምንጩ ጡንቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሲኬ ስለጨመረ ብቻ ግን የጡንቻ ብግነት ነው፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ጡንቻን እያጠቃ ነው አይባልም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ይጨምሩታል፤ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ናሙናው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ከጭን ወይም ከክንድ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ በአንድ ወገን ከተደረገ ናሙናው ከሌላው ወገን ይወሰዳል፤ መርፌው የነካው ጡንቻ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላልና። የዐይን ቆብ ላይ ወይም የጣት አንጓ ላይ ሽፍታ ካለና የፀረ እንግዳ አካላት ምርመራው ከደገፈው ግን ያለ ናሙናም መለየት ይቻላል። ሽፍታ ያለበት ዓይነት በአዋቂዎች ላይ አንዳንዴ ከካንሰር ጋር ስለሚመጣ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል።

ሕክምናው በአብዛኛው ብግነትን በሚያበርደው በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ መጠኑ በየጊዜው እየተቀነሰ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ በእሱ ላይ ላለመደገፍ የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋ ሜቶትሬክሴት ወይም አዛታዮፕሪን ይታከላል። ብዙዎች ለዓመታት ይወስዱታል፤ ቀስ በቀስ የሚያቆሙም አሉ። በራስዎ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ሲኬ ከወረደ በኋላም አቅም ለመመለስ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ፤ በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ያግዛል።

መዋጥ ካስቸገረዎት፣ ሲጠጡ ትን ካለዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።