ሁለተኛ ኪኒን ሲጨመር

እህቴ፣ «እናቴ ለስኳር በሽታዋ ሜትፎርሚን ብቻ ነበር የምትወስደው፤ አሁን ሐኪሙ ግሊበንክላሚድ ጨመረላት። በሽታው ጠናባት ማለት ነው? ጾሙንስ እንዴት ታድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ሁለቱን አብሬ መውሰድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል።

መጀመሪያ አትደንግጪ። ዓይነት ሁለት ስኳር ቆሽትን ቀስ በቀስ ያደክማል። ለብዙ ሰው አንድ መድኃኒት እያደር አይበቃም፤ እናትሽ ያጠፉት ነገር የለም። ሁለቱ ኪኒኖች ሥራቸው ለየቅል ነው። ሜትፎርሚን ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ግሊበንክላሚድ ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስወጣል።

አደራ የምልሽ በሁለተኛው ነው። ግሊበንክላሚድ ከተዋጠ፣ ምግብ ተበላም አልተበላ ኢንሱሊን ማስወጣቱን አይተውም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ምሳ ዘገየና ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያወሩኝ አልገባኝ አለ። ጎረቤቴ ስኳር በውሃ በጥብጣ ባታጠጣኝ ምን እንደምሆን እንጃ። የእናትሽ ስኳር ከ70 mg/dL በታች ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ ካልተነሳ ድገሚ። ሲነሳ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አትስጪ፤ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰጃቸው። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር ይወቁ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጠዋት ግሊበንክላሚድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል በፍጹም አይሆንም። በራሳችሁም መጠኑን አትቀንሱ፣ ሰዓቱን አትቀይሩ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን አናግሩ። የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ። የእኔ ጠዋት እንድበላ ፈቅደውልኛል፤ ከሥጋና ከወተት ግን እጾማለሁ። የጾም ምግብ ነው ብሎ እንጀራ ማብዛትም ስኳር ይሰቅላል።

ሜትፎርሚን ሆዳቸውን ካወካቸው ከምግብ ጋር ይውሰዱት። እኔን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ተወኝ።

ዕድሜያቸው ከገፋ ወይም ኩላሊታቸው ደከም ካለ ግሊበንክላሚድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር የመውረዱ አደጋ ይብሳል። በቀጣዩ ቀጠሮ የኩላሊት ምርመራ ጠይቂ፤ «ለእሳቸው የተሻለ ምትክ አለ ወይ?» ለማለትም አትፈሪ። እግራቸውን የሚደነዝዛቸው ከሆነ ቫይታሚን ቢ12ም ይታይላቸው። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ እሱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሰው ግን ሁሉንም በስኳሩ ያሳብባል።