መልስ፦ ያረጀ ቡና መጎንደል ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጅማ አጋሮ አካባቢ ያሉት አባትህ ግማሽ ሄክታር ያረጀ ቡናቸውን ይጎንድሉ (አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ግንዱን ዝቅ አድርገው ይቁረጡ) ተብለው «እስኪያፈራ ምን እንበላለን?» ማለታቸው ልክ ነው። ድህነት ቅነሳ ተብሎ የሚመጣው ምክር ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚሁ ላይ ነው፤ ነገ የሚጨምረውን ምርት ያሰላል፣ መሐል ያለውን ባዶ ጊዜ ግን ይረሳል። የተጎነደለ ቡና ደህና አድርጎ እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ስለዚህ በየዓመቱ ሩቡን ብቻ ይቁረጡ። ጊዜው ለቀማው አልቆ ዝናብ ሳይገባ፣ ጥርና የካቲት ነው። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመጋዝ፣ ሰያፍ አድርጎ። መጥረቢያ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ውሃ ይቋጥርና ይበሰብሳል። ቀንበጡ ሲግተለተል አይሳሱ! ጠንካራ ሁለት ወይም ሦስቱን ትቶ ሌላውን ማንሳት ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሁሉን ይተውና ቁጥቋጦ ያሳድጋል፣ ከዚያ «ጉንደላ አይረባም» ይላል። ክፍት በሆነው ቦታ ቦሎቄ ቢዘሩ ለጓዳም ለአፈሩም ይሆናል። ጉቶው ከሞተ በክረምት ችግኝ ይተኩ፤ ከጅማ ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማሉ።

ሲደርስ ቀዩን ብቻ ለቅመው ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ያድርቁ። «ጅማ 5» የሚባለው የቡና ደረጃ ስሙ የከፋው መሬት ላይ በተሰጣ ቡና ነው። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካስረከቡም ደረሰኙን ይያዙ፤ የትርፍ ክፍፍል የሚታሰበው በእሱ ነው።