ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ያልሆነ ሴሚያስ

ጥያቄ፦ «በፈረንጅ 2007 የተሠራ፣ ከአውሮፓ የገባ ማኑዋል ያሪስ አለኝ። መሪ ሙሉ ሳዞር ከፊት ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ የቀኙ ሴሚያስ (ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ይቀየር ተባልኩ። ጅማ ውስጥ ስላጣሁት አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ‹የ2007 ያሪስ› ብሎ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ጥርሱ ካምቢዮው ውስጥ አልገባ አለ። ተመልሶ ሌላ መጣ። ይኼኛው ገባ፣ ድምፁም ጠፋ፤ ግን አሁን ቀስ ብዬ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ይርገበገባል፤ ትንሽ ቆይቶም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሲስተም) መብራት ይበራና ሞተር እስካጠፋ ድረስ አይጠፋም። ሻጩ ‹ዕቃው ልክ ነው፣ መኪናህን አስፈትሽ› ይለኛል። ሦስተኛ ልግዛ?» (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ሦስተኛ ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ አሮጌው ሴሚያስ የት እንዳለ ይጠይቁ። ጋራዡ ጥግ ወድቆ ከሆነና ቆራሌው ካልወሰደው ዛሬውኑ ሄደው ያምጡት። ሦስተኛውን ግዢ የሚያስቀርልዎት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ስህተቱ የተጀመረው ትእዛዙ ላይ ነው። «የ2007 ያሪስ» ብሎ ዕቃ መጠየቅ «ጅማ ውስጥ ያለ ቤት» ብሎ ሰው እንደ መላክ ነው። የዚህ ቅርጽ ያሪስ መሠራት የጀመረው በፈረንጅ 2005 ሲሆን፣ ባለ 1.0 ሊትር ሦስት ሲሊንደር ቤንዚን፣ ባለ 1.3 ቤንዚንና ባለ 1.4 ናፍጣ ሞተር ያላቸው አሉ። ማኑዋል አለ፣ ኦቶማቲክ አለ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ሳይኖረው ማርሽ የሚቀይርም አለ። አንዱ ፈረንሳይ ተሠርቷል፣ ሌላው ጃፓን። ለባሕረ ሰላጤ አገሮች ገበያ ተሠርተው በዱባይ በኩል ከገቡት ውስጥ ደግሞ ኤቢኤስ የሌላቸው አሉ። ከላይ ሲታዩ ሁሉም ያሪስ ናቸው፤ ከሥር ግን ሴሚያሳቸው በጥርስ ብዛት፣ በርዝመትና በኤቢኤስ ቀለበት ይለያያል። ዓመተ ምሕረቱም ራሱ ወጥመድ አለው። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያወራ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል፤ ስልክ ላይ «2000» የሚል ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሻጩ አይጠይቅም፣ ያለውን ያወጣል።

የመጀመሪያው ያልገባበት ምክንያት ይኸው ነው። ወደ ካምቢዮው የሚገባው ጫፍ ጥርስ ከካምቢዮ ካምቢዮ ይለያያል፤ የተላከልዎት የኦቶማቲክ ወይም የሌላ ሞተር ሳይሆን አይቀርም። ሃያ ሦስት ጥርስና ሃያ ስድስት ጥርስ ያላቸው ሁለት ጫፎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ በዓይን አይለዩም፤ መቁጠር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተደበቀ ችግር ነው። በሴሚያሱ የጎማ በኩል ራስ (የሚታጠፈው መገጣጠሚያ) ላይ፣ ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት ስስ የብረት ቀለበት አለ። ጎማው ሲዞር የኤቢኤሱ ሴንሰር የእነዚህን ጥርሶች ማለፍ እየቆጠረ የጎማውን ፍጥነት ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። አሁን የግራዎ 48 ጥርስ፣ አዲስ የገባው የቀኝ 45 ጥርስ ነው እንበል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል እየዞሩ ኮምፒዩተሩ ግን ቀኙን ስድስት ከመቶ ያህል ቀርፋፋ አድርጎ ያየዋል። ፍሬን ሲረግጡ «ቀኙ ሊቆልፍ ነው» ብሎ ግፊቱን ይለቅቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ ይለቅቃል። እግርዎ ሥር የሚርገበገበው እሱ ነው። ቆይቶ ልዩነቱ የማያባራ መሆኑን ሲያይ ሲስተሙን ዘግቶ መብራቱን ያበራል። ቀለበቱ ጭራሽ ባይኖር ወይም የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ መብራቱ ገና ከመነሻው በርቶ ይቀር ነበር፣ ፔዳሉም ባልተርገበገበ። ስለዚህ ከነገሩኝ ምልክት ተነስቼ የምጠረጥረው የጥርስ ብዛት ነው። ሻጩ «ልክ ነው» ማለቱ አይግረምዎት፤ ገብቶ ዞሯል፣ ለእሱ ያ በቂ ነው።

ማረጋገጡ ገንዘብ አይጠይቅም። የግራው ሴሚያስ አልተነካም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር እሱ ላይ አለ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ያድርጉ፣ የፊቱን በክሪክ አንስተው መቆሚያ ያስገቡ (በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ አይግቡ)። ጎማውን ፈትተው በስልክ መብራት ከኋላ በኩል ያዩታል። ቀለበቱን በጨርቅ ጠርገው አንዱን ጥርስ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት። አንድ ሰው ዲስኩን ቀስ እያለ ያዙር፣ እርስዎ ይቁጠሩ። ሁለቴ ይቁጠሩ፤ በአንዱ ዙር 47 በሌላው 48 ካለዎት ሦስተኛ ይድገሙ። ከዚያ ቀኙን። ቁጥሩ እኩል ከሆነ የእኔ ግምት ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያኔ የቀኙን ሴንሰር ጫፍ ይፈትሹ፣ ሲፈታ ሲታሰር ጭቃ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ቀለበቱም የተሰነጠቀ ወይም አዘንብሎ የገባ እንዳይሆን።

ቁጥሩ ከተለያየ አሮጌው ሴሚያስ ያስፈልጋል። ቀለበቱ የተሠራው ከራሱ ከሴሚያሱ ጋር አንድ ላይ አይደለም፣ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው፤ ከአሮጌው ወጥቶ ወደ አዲሱ ሊዛወር ይችላል። ቅድመ ሁኔታው የሁለቱ ራሶች ዲያሜትር እኩል መሆኑ ነው፤ በካሊፐር ይለካ፣ በግምት አይሆንም። ቶርኖ ቤት ያለው ሰው በመንቀያ ወይም ዙሪያውን ቀስ በቀስ በመምታት ያወጣዋል። ከማውጣቱ በፊት ቀለበቱ ከራሱ ጫፍ ስንት ሚሊ ላይ እንደተቀመጠ ይጻፍ፣ አዲሱም ላይ እዚያው ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ሴንሰሩ አያነበውም። ሲገባ ቀለበቱን ለብቻው ማሞቅ ይቻላል፣ ሴሚያሱን ግን እሳት አይንካው፤ ውስጡ ግሪስ፣ ውጭው ጎማ ነው። «በብየዳ ነጥብ ነጥብ ላስይዘው» የሚል ካለ ከእጁ ይቀበሉ።

ዲያሜትሩ ካልተገጣጠመ ወይም አሮጌው ቀለበት ዝጎ ከተበላ፣ ያኔ ይዘዙ። ግን በሻንሲ ቁጥር። ከአውሮፓ የገባ ያሪስ ሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ባለው ሳህን ላይ ወይም በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ይገኛል። በቪ-ኤን-ኬ ከጀመረ ፈረንሳይ የተሠራ፣ በጄ-ቲ ከጀመረ ጃፓን የተሠራ ነው። ከሊብሬ ላይ አይቅዱት፣ ሲጻፍ የተሳሳተ ብዙ ነው፤ ከመኪናው ላይ ፎቶ ያንሱት። አንድ መለያ ልስጥዎት፦ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደሎች በዚህ ቁጥር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም፤ ክብ ካዩ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ ካዩ አንድ ነው። (ለጃፓን አገር ገበያ የተሠራ ቪትዝ፣ ማለትም እዚያ በዚህ ስም የተሸጠ ያሪስ፣ ከሆነ 17 አይደለም፤ አጭር የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አኃዝ ነው።) በዚህ ቁጥር የቶዮታ ካታሎግ ያለው ሰው የዕቃውን ቁጥር ያወጣልዎታል። የቀኝ ሙሉ ሴሚያስ በ43410፣ የግራው በ43420 ይጀምራል፤ እነዚህ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፣ የትኛው መኪና እንደሆነ የሚለየው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። ሻጭ «43410 ነው፣ ያው ነው» ካለዎት ገና ምንም አልነገረዎትም።

ከቁጥሩ ጋር አሮጌውን ወለል ላይ ዘርግተው፣ ሜትር አጠገቡ አድርገው ፎቶ ይላኩ። የጎማ በኩል ጥርስ ብዛት፣ የካምቢዮ በኩል ጥርስ ብዛት፣ ሁለቱም ራሶች ወደ ውስጥ ተገፍተው ሙሉ ርዝመቱ፣ የዘይት ጎማው (የካምቢዮ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው) የሚቀመጥበት ቦታ ዲያሜትር፣ የኤቢኤስ ጥርስ። ቀኝ መሆኑንም ይጻፉ፤ ሞተሩ በቀኝ፣ ካምቢዮው በግራ ስለተቀመጠ የቀኙ ሴሚያስ ረጅሙ ነው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? ለሴሚያስ የእኔ ምርጫ ከሶማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው፣ ከርካሽ ኮፒ ይሻላል። ለፍሬን ሸራ፣ ለኩሽኔታ፣ ለቺንጋና ጎማ ለሆነ ነገር ሁሉ ግን ያገለገለ አይግዙ። የሚገዛልዎት ሰው ዘንጉን በአንድ እጁ ይዞ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያጠማዝዘው፤ ክፍተት ካለው ወይም ካቃጨለ ይተወው። ከዚያ ራሱን እስከ መጨረሻው አጥፎ ያሽከርክረው፤ የሚያደናቅፍ ነገር መኖር የለበትም። የጎማ ሽፋኑ እጥፋቶች ውስጥ ስንጥቅ ይፈልግ። «ካልሆነ ይመለሳል» የሚለው ስምምነት ደግሞ ብሩ በቴሌብር ከመላኩ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ጅማ ሲደርስ ከመገጠሙ በፊት ከአሮጌው ጎን አቁመው ይቁጠሩት፤ አንዴ ተመትቶ የገባ ዕቃ ማንም አይመልስልዎትም።

ስለ መግጠሙ፦ ሴሚያሱን ጎማው መሃል ላይ የሚያስረው ዳዶ በ30 ቁልፍ ይፈታል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተመትቶ የተቆለፈ ስለሆነ የተመታው ጠርዝ ቀድሞ ይነሳ። ሲመለስ አዲስ ዳዶ ይሁን፤ 216 ኒውተን ሜትር ጠብቆ ጠርዙ እንደገና ይመታ። ሴሚያሱ ወጥቶ ሳለ መኪናውን ጎማው ላይ አያሳርፉት፣ ኩሽኔታው ይበላሻል። ሲወጣም ዘንጉን ይዞ መጎተት የለም፣ የውስጡ ራስ ይለያያል፤ በካምቢዮው ጠርዝ በኩል በሌቫ ይነሳ። የካምቢዮው ዘይት ቀድሞ ይፍሰስ፣ የፈሰሰውንም በሃይላንድ ይለኩት፤ በፊትም አንሶ እንደነበር ያውቁበታል። ማኑዋል ካምቢዮ የሚሞላው በመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪፈስ ነው። የዘይት ጎማው ሁለቴ ተገብቶ ስለወጣበት አሁኑኑ ይቀየር፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ሴሚያሱ ሲገባ በካምቢዮ በኩል ጫፉ ላይ ያለው ማያዣ ክሊፕ ቀጭ ብሎ መያዙን ይስሙ፣ ራሱን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት መውጣት የለበትም።

እስኪስተካከል ድረስ «የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቅለህ ንዳ» የሚል አይጠፋም። መርገብገቡ ይቆማል፣ እውነት ነው፤ ግን የኋላና የፊት ፍሬን ኃይል የሚያከፋፍለውም አብሮ ይጠፋና እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላው ቀድሞ ሊቆልፍ ይችላል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ መመላለስ ይቻል ይሆናል፤ በዚህ ሁኔታ ወደ ግቤ በረሃ ቁልቁለት ግን አይውረዱ።

የግራውን ሲቆጥሩ የጎማ ሽፋኑንም አብረው ይዩ። የቀኙ የሞተው ሽፋኑ ተቀድዶ ሳይሆን አይቀርም፤ በጅማ ዝናብ፣ በተለይ ወደ አጋሮና ሊሙ ለሚመላለስ መኪና፣ ቀይ ጭቃ በተቀደደው ገብቶ ከግሪሱ ጋር ሲደባለቅ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። በጎማው ቸርኬ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግሪስ ካዩ ሽፋኑ ተቀድዷል። ድምፅ ካልጀመረ ሽፋኑ ብቻ ይቀየር፤ ራሱ በቤንዚን ታጥቦ ደርቆ፣ ከሽፋኑ ጋር የሚመጣው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግሪስ ሙሉው ይግባ። ቢጫው የኩሽኔታ ግሪስ እዚህ አይሠራም። ማሰሪያው የራሱ ክላምፕ ይሁን፤ ሽቦ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ እርስዎም ከወር በኋላ እዚሁ ጥያቄ ላይ ይመለሳሉ።