የትንሽ ከተማ ኦዲት ኮሚቴ ግቢ ላሉሽ እህቴ

እህቴ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖሪባት ትንሽ ከተማ የነዋሪዎች ኦዲት ኮሚቴ ውስጥ ግቢልን ብላሻለች። አካውንታንት ነሽ፤ የመንግሥት ሂሳብ ግን ነክተሽ አታውቂም። ባለቤትሽ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የማጽዳት ኮንትራት አለው። «ምን ላይ ላተኩር? ደግሞስ መግባት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልሽው።

እኔ አገር ቤት እያለሁ በአንድ ከተማ አስተዳደር የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። እዚህ ከመጣሁ በኋላም እንዳንቺው ተጠይቄ በምኖርበት ከተማ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የሚያስታቅፉሽ የሥነ ምግባር ደንቡን ነው። አንብቢው፤ ግን እሱ ላይ አትክረሚ። ቪዲዮ የሚያሳዩበት ሥልጠናም አለ፤ ቡና ይዘሽ ግቢ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ገንዘብ የሚጠፋው ደንብ ጠፍቶ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ተቀባይም፣ ከፋይም፣ መዝጋቢም፣ መዝገቡን ከባንክ መግለጫ ጋር አመሳካሪም ስለሚሆን ነው። ሠራተኛ አይበቃም። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎበዝ፣ ትሁትና ሁሉም የሚወደው ነው።

የዲክሰንን ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። ኢሊኖይ ውስጥ ያለች፣ ወደ 16 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ሮናልድ ሬገን ያደገባት። የሂሳብ ኃላፊዋ ሪታ ክራንድዌል በ1990 በከተማዋ ስም አንድ ተጨማሪ የባንክ ሂሳብ ከፈተች። ከሷ በቀር ማንም አያውቀውም። ከስቴቱ የመጣ የሚመስል የክፍያ መጠየቂያ ራሷ ትሠራለች፣ ቼክ ትጽፋለች፣ ቼኩን እዚያው ሂሳብ ውስጥ ትከታለች። ምክር ቤቱ ገንዘቡ ለምን አነሰ ሲላት «ስቴቱ ድርሻችንን አዘገየብን» ትላለች። እንዲህ እያለች እስከ 2012 ድረስ ከ53 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደች። የከተማዋ የዓመት በጀት ከ10 ሚሊዮን በታች ነበር። መንገድ ሳይጠገን፣ ሠራተኛ እየተቀነሰ፣ እሷ በ80 ሺህ ዶላር ደሞዝ ወደ 400 የሚጠጉ ፈረሶች ታረባ ነበር። ፈረሶቹን አገሩ ሁሉ ያያል። ያተርፏታል ተብሎ ታለፈ።

የተያዘችበት መንገድ ነው ላንቺ የሚጠቅምሽ። በ2011 ረጅም ፈቃድ ወጣች። እሷን ተክታ የምትሠራው የከተማዋ ጸሐፊ ባንኩን የሁሉንም ሂሳብ መግለጫ ላኩልኝ አለች። ባንኩ ሁሉንም ላከ፤ ያንን ጭምር። ከንቲባው ጉዳዩን ለኤፍቢአይ ሰጡ፣ ሴትየዋ በ2012 ተያዘች፣ በ2013 የ19 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈረደባት። (በ2024 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ባይደን ቅጣቷን አቀለሉላት። ዲክሰን ውስጥ ምን እንደተባለ መገመት አያቅትሽም።)

ኦዲተር አልነበረም ወይ? ነበር፤ በየዓመቱ። ግን ያው ድርጅት የከተማዋን የሂሳብ መግለጫም ያዘጋጅ ነበር፤ የሷን የግል ግብርም ይሠራላት ነበር። ከተማዋ ኦዲተሮቹንና ባንኩን ከሳ 40 ሚሊዮን ዶላር አስመለሰች።

እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠይቂው የባንክ ሂሳቦችን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከሂሳብ ክፍሉ አይምጣ። በከተማው የግብር ከፋይ ቁጥር የተከፈተውን ሁሉ ባንኩ ራሱ በቀጥታ ለኮሚቴው ይጻፍ። የየወሩ መግለጫም ቼክ የማይጽፍ ሰው እጅ ይግባ፤ የምክር ቤት አባልም ቢሆን። ቀጥለሽ «የሂሳብ ሹሙ ፈቃድ ሲወጣ ሥራውን ማን ይሠራል?» በይ። «እሱ እኮ ፈቃድ አይወጣም፣ ታታሪ ነው» ከተባልሽ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው። ታታሪነቱን አልጠላሁም። ግን በዓመት አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።

ከዚያ የኦዲተሩን ደብዳቤ ጠይቂ። በሜሪላንድ ሕግ ከተሞች ኦዲት የተደረገ ሂሳባቸውን ለስቴቱ ያቀርባሉ፤ ስለዚህ ሪፖርቱ አይጠፋም። አብሮት የሚመጣውን፣ ስለ ውስጥ ቁጥጥር ድክመት የሚያወራውን ደብዳቤ ግን ማንም አያነበውም። «በሠራተኛ ማነስ ምክንያት የሥራ ክፍፍል የለም» የሚል አንቀጽ ታገኛለሽ፤ ያው አንድ ሰው ሁሉንም ይሠራል ማለት ነው። የአምስት ዓመቱን ደርድሪና እዪ። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆነ ሥራሽ እሱ ነው። ኦዲተሩንም የከተማው ሠራተኛ በሌለበት ለብቻው አነጋግሩት። ሰው ፊት የማይለውን ያኔ ይላል።

ሁሉም ጥፋት ግን በድብቅ አይሠራም። ካሊፎርኒያ ያለችውን ቤልን ተመልከቺ። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት 800 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር። በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩት የምክር ቤት አባላት ደግሞ ወደ 100 ሺህ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ድሃ ስደተኞች ናቸው። ለዚህ በር የከፈተው በ2005 የተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሲሆን፣ ድምፅ የሰጠው ሰው 400 እንኳ አልሞላም። ነገሩን ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2010 አወጣው፤ ሪዞም 12 ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ የደሞዝ ሰንጠረዡን፣ አበሉን፣ የተከፈለ የዕረፍት ቀን ወደ ገንዘብ የሚቀየርበትን መንገድ እዪ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ ያለፉትን ነገሮችም አንብቢ።

ግዢውን ብዙ አላወራሽም፤ ሙያሽ ይነግርሻል። የጨረታ ጣሪያ እንዳይደርስ ለሁለት የተቆረጠ ሥራ፣ በከተማው ክሬዲት ካርድ የተከፈለ ምሳ፣ የዚህ ዓይነቱ ነው። አገር ቤት ሰኔ ሲመጣ ሰውን የሚያሳብደው በጀት የመጨረስ ግዢ እዚህም አለ። በጀት ዓመታቸው በፈረንጆቹ ጁን 30 ስለሚዘጋ ወሩ እንኳ ያው ነው።

የሚከብድሽ ሂሳቡ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። የሂሳብ ሹሙ ሚስት የልጅሽ አስተማሪ ትሆናለች። ከንቲባው መንገድ ላይ በስምሽ ይጠራሻል። አንዳንዱም «ይቺ ከየት መጥታ ነው እኛን የምትመረምር» በሚል ዓይን ያይሻል። ጥያቄሽን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊው፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ። በግለሰብ ላይ ጥርጣሬ ካደረብሽ ኮሚቴው ፊት አትጩሂ፤ በዚህ ግሩፕም አትለጥፊው። በከተማው የሥነ ምግባር ኮሚሽን በኩል ይሂድ። የኮሚሽኑን አባላት ከንቲባው ከሾሟቸውና ጥርጣሬው እሳቸውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ለስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ጻፊ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ኮንትራቱ ብቻውን እንዳትገቢ አያደርግሽም ብዬ አስባለሁ፤ ግን የኔ አስተያየት አይበቃሽም። ከመማልሽ በፊት ጉዳዩን በጽሑፍ አሳውቂና ከከተማው ጠበቃ የጽሑፍ መልስ ያዢ። በቃል «ችግር የለውም» ቢሉሽ እሺ አትበይ። በየዓመቱ በምትሞዪው የጥቅም ማሳወቂያ ቅጽ ላይም የድርጅቱን ስም ጻፊ። የጽዳት ክፍያ ሲነሳ ከክፍሉ ውጪ፤ መውጣትሽም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ኮንትራቱ ዘንድሮ የሚታደስ ከሆነ ግን የጠበቃው ደብዳቤ እስኪደርስሽ ሹመቱን አትቀበዪ። እነሱም ቢሆኑ ሁለት ወር ቢጠብቁሽ ምንም አይጎዳቸውም።